ጀምበር ስትጠልቅ 12 የሚሆነው የሳራየቮ ሰዓት



እኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንሰብሰብ» ስንል ከውጭ ለመጣ እንግዳ 9 ሰዓት ነው። ብዙ እንግዶች ይህ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛ ይቆጥራሉ። የኦቶማን ቱርኮችም ለብዙ ዘመን ሰዓታቸውን የሚሞሉት በጀምበር ነበር። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን የያዙ የጥንት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ይህ አቆጣጠር እስከ ዛሬ በአደባባይ የሚታየው በቦስኒያ ዋና ከተማ በሳራየቮ ነው። በአሮጌው ገበያ፣ በጋዚ ሁስረቭ ቤግ መስጊድ አጠገብ፣ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ የሰዓት ግንብ ቆሟል። ኦቶማናዊው ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ በ17ኛው መቶ ዘመን ጠቅሶታል። እ.ኤ.አ. በ1697 የኦስትሪያ ጦር ከተማዋን ካቃጠለ በኋላም ታድሷል። አሁን ያለው የሰዓቱ መዘውር በ1870ዎቹ ከለንደን የመጣ ነው።

የዚህ ሰዓት ዘንጎች 12 ላይ የሚደርሱት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። በእስልምና አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከምሽት ስለሆነ የመግሪብ ሶላት ጊዜ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ቱርክ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1926 ይህን ትታ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስትጠቀም፣ የሳራየቮው ግንብ ግን አልተወውም።

ታዲያ እኛ ያለ ችግር የያዝነው አቆጣጠር እዚያ ስለ ምን ከበደ? ምክንያቱ የፀሐይ ነገር ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከንጋትና ከምሽት ብዙም አይርቅም። በሳራየቮ ግን ቀኑ በሰኔ ከ15 ሰዓት ይበልጣል፤ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል። ጀምበር የምትጠልቅበት ጊዜ በየቀኑ በደቂቃ ያህል ይሸሻል። በመሆኑም ሙቬኪት የሚባለው የሰዓት ጠባቂ በየጊዜው ደረጃውን ወጥቶ ዘንጎቹን ያስተካክላል። ጥቂት ሳምንት ቢተወው ሰዓቱ ከጀምበር ጋር ይለያያል።

ለእኛ ለማኅበርተኞች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሰዓት ግንብ ለአንድ ባለጸጋ ብቻ የሚሆን ጌጥ አልነበረም። በገበያው ያለ ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲከፍትና እንዲዘጋ፣ ቀጠሮውን እንዲያከብር የቆመ የጋራ ንብረት ነበር። የእኛም የስብሰባ ሰዓት እንዲሁ የጋራ ንብረታችን ነው። አንዷ እናት ጨቅላዋን ለጎረቤት ትታ፣ ሌላዋ የገበያ ቀኗን አቋርጣ ትመጣለች። አንዷ አንድ ሰዓት ስትዘገይ የሃያ ሴቶች አንድ ሰዓት ይባክናል። በቤት ውስጥ የምንሠራውን ሥራ ማንም በሰዓት አይቆጥርልንም፤ ስለዚህ የቀረንን ጊዜ እኛው ልናከብረው ይገባል።

የቁጠባ መዝገባችንም እንደዚያ ሰዓት ነው። የብር ጉድለት ትንሽ ሳለ በየስብሰባው ቢታረም ማንንም አያጣላም፤ ለዓመቱ መጨረሻ ከተተወ ግን ጓደኛን ከጓደኛ ያለያያል። የሳራየቮን ግንብ ያቆየው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ደረጃውን መውጣት ያልታከተው ሰው ነው። በማኅበራችንም መዝገብ የሚይዙትን፣ ሒሳብ የሚያመሳክሩትንና በሰዓታቸው የሚገኙትን እህቶች እናመስግን፤ ተራው ሲደርሰንም ደረጃውን እንውጣ።