ስሙ ያው፣ ባሕርዩ ሌላ፦ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ትራንዚስተር አመራረጥ ታሪክ

ስለ ድምፅ ማጉያ መሣሪያ ጥራት በሚነገርበት ጊዜ ምስጋናው ሁሉ ለማጉያው ክፍል ይሰጣል። ከኋላ ሆኖ ቮልቴጁን የሚያረጋጋውን ትራንዚስተር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ሲደክም ድምፁ በጉምጉምታ ይበከላል፤ ውስጡ ተቃጥሎ ሲያያዝም ያልተገራው ቮልቴጅ በሙሉ በማጉያው ላይ ይወርዳል።

በቀላል ማረጋጊያ ውስጥ ዜነር ዳዮድ ለትራንዚስተሩ ቤዝ የማይለዋወጥ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ትራንዚስተሩም ከዚያ 0.6 ቮልት ያህል ቀንሶ በኤሚተሩ በኩል ለማጉያው ያሳልፋል። የተረፈውን ቮልቴጅ ራሱ ተሸክሞ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 20 ቮልት ገብቶ 12 ቮልት ቢወጣና ማጉያው 1 አምፔር ቢስብ፣ 8 ዋት በትራንዚስተሩ ላይ ይቀራል። የመውጫው ሽቦዎች ቢነካኩ ደግሞ ጭነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአመራረጡ ታሪክ በመሠረቱ የሙቀት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የመጀመሪያው ትራንዚስተር የጀርማኒየም ነበር። በ1950ዎቹ የተስፋፉት የጀርማኒየም የኃይል ትራንዚስተሮችም ሲሞቁ ያለ ፈቃድ የሚያሳልፉት ኮረንቲ እየጨመረ፣ እርሱም መልሶ ሙቀቱን እያባባሰ ለጥፋት ይዳርጋቸው ነበር። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1954 የሲሊኮን ትራንዚስተር ለገበያ ማቅረቡ ለዚህ ችግር መፍትሔ ከፈተ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አር.ሲ.ኤ. ያወጣው 2ኤን3055 የማረጋጊያ ሠሪዎች ሁሉ ወዳጅ ሆነ። 15 አምፔርና 60 ቮልት ይችላል፤ ቀፎው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተጠበቀ 115 ዋት ያስወግዳል። ሆሜታክሲያል የተባለው የቀድሞ አሠራሩ ቤዙን ሰፊ አድርጎት ስለነበር ትራንዚስተሩ ዝግተኛ ነበር፤ ነገር ግን ኮረንቲው በአንድ ነጥብ ተከማችቶ የሚያቃጥልበትን፣ ሁለተኛ ስብራት የሚባለውን አደጋ በሚገባ ይቋቋም ነበር።

በ1970ዎቹ አሠራሩ ወደ ኤፒታክሲያል ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ቀረ። በዚህም ፍጥነቱ ጨመረ። ለማጉያ ይህ ትርፍ ነው። በ50 ኸርዝ መሥመር ላይ ከሙሉ ማቅኛ በኋላ የሚቀረውን የ100 ኸርዝ ሞገድ ለሚገታ ማረጋጊያ ግን ጥቅሙ ኢምንት ነው። እንዲያውም በዝግተኛው ልክ የተነደፈ ባለ ግብረ መልስ ማረጋጊያ በፈጣኑ ሲተካ ሊዋዥቅ ይችላል።

ሌላው መመዘኛ የማጉላት አቅም ነው። ይህ ትራንዚስተር በ4 አምፔር ላይ የሚያጎላው ከ20 እስከ 70 እጥፍ ነው። አቅሙ 20 ብቻ ቢሆን ቤዙ 200 ሚሊአምፔር ይጠይቃል፤ ትንሽ ዜነር ይህን ስለማይችል፣ እንደ ቢዲ139 ያለ ሁለተኛ ትራንዚስተር በመካከል ይገባል።

በ1969 ቦብ ዊድላር ለናሽናል ሴሚኮንዳክተር የነደፈው ባለ ሦስት እግር ኤልኤም109 ኮረንቲን የሚገድብና ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚዘጋ ጥበቃ በውስጡ አካተተ። ነጠላው ትራንዚስተር ይህ ጥበቃ የለውም፤ ጥበቃው የመራጩ ጥንቃቄ ነው። አሮጌ መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያም በቅድሚያ የሚወድቀውን ቮልቴጅና የሚያልፈውን ኮረንቲ አባዝቶ ሙቀቱን ያስላ፤ ቀጥሎ የአምራቹን የደህንነት ወሰን ሥዕል፣ የማጉላት አቅሙንና የማቀዝቀዣውን ብረት ስፋት ይመርምር። በቀፎው ላይ የታተመው ቁጥር የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።