የሳፍሮን አበባ እንደ ታሪክ ሰነድ

ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቅመም የሚገኘው በመጸው ወራት ከሚያብበው ከአንድ ዓይነት ክሮከስ ሦስት ቀያይ ክሮች ነው። የዚህ ተክል የትውልድ አገር ወዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ምን ማስረጃ አለን?

በግሪክ ደሴት በቴራ፥ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በተቆፈረው በአክሮቲሪ፥ ዕድሜው ከ3,500 ዓመት በላይ የሆነ የግድግዳ ሥዕል ሴቶች አበባውን ሲለቅሙ ያሳያል። ሆኖም የለቀሙት የዱር ይሁን የእርሻ፥ ሥዕሉ ብቻውን አያስረዳንም።

ስለዚህ ተክሉን ራሱን እንጠይቅ። ክሮሞሶሞቹ በሦስት ስብስብ የተከፈሉ ስለ ሆኑ ዘር አይሰጥም፤ የሚራባውም ገበሬ ሽንኩርት መሰል ሥሩን ነቅሎና ከፋፍሎ እንደ ገና ሲተክለው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ የዝርያ ምርመራዎችም ወላጁ በአቴና ዙሪያ በአቲካ የሚበቅለው የዱር ክሮከስ መሆኑን አመልክተዋል። እንግዲህ በካሽሚርም ሆነ በስፔን የሚያብበው ሁሉ ከገበሬ እጅ ወደ ገበሬ እጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው።

ይህን ሰነድ የሚያነብ ግን ይጠንቀቅ፤ መርዘኛው ኮልኪኩም በመጸው ሲያብብ ክሮከስን ይመስላል። የአበባ ብናኝ የሚይዙት ክሮች በክሮከስ ሦስት፥ በኮልኪኩም ስድስት ናቸው። ጽሕፈት ያላስቀሩልን ገበሬዎች ታሪካቸውን በሥሩ ትተውልናል እንላለን።