ጋምቤላ፦ በውል የተከራየች ከተማ

ፍራንቻይዝ ሲባል ዛሬ ለከተሜው ትዝ የሚለው ፒዛና ለስላሳ መጠጥ ነው። የሌላውን ስምና አሠራር ትወስዳለህ፤ በተወሰነልህ ክልል፣ ለተወሰነልህ ዘመን ትነግዳለህ፤ ለባለቤቱም ድርሻውን ትከፍላለህ። ታሪኩን የሚያወጉን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ይነሣሉ፤ ከሲንገር የስፌት መኪና ወኪሎች፣ ወይም ኮካ ኮላን በጠርሙስ ሞልቶ የመሸጥን መብት እ.ኤ.አ. በ1899 በአንድ ዶላር ከተዋዋሉት ሁለት ጠበቆች። ቃሉ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ነፃነት ማለት ነው። ንጉሥ ለአንድ ሰው ገበያ እንዲያቆም ወይም ቀረጥ እንዲሰበስብ ሲፈቅድ ፈቃዱ በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ለቤተ መንግሥት የተወሰነ ገንዘብ እያስገባ የገበያውን ቀረጥ የሚሰበስበው ነጋድራስ ምን ነበረ? ከዚያ ሁሉ ፈቃድ ግን እኔን የሚገርመኝ የጋምቤላው ነው።

ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል በአብዛኛው የሚታወቀው በሱዳን ወሰንና በዓባይ ውኃ ነው። አንቀጽ 4ን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በዚህ አንቀጽ የሱዳን መንግሥት ባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ የንግድ ጣቢያ የሚያቋቁምበት መሬት በኪራይ ተሰጠው። የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተከለከለ። ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ቦታ፣ አገልግሎት፣ ዘመን፤ ዛሬ የንግድ ጠበቃ ቢያረቀው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ኋላ የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ፤ ንግዱም በ1896 ተጀመረ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ይመጣል። ከጎሬና ከወለጋ በኩል ቡና ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ግሪኩም ሶርያዊውም ሱቁን ከፈተ። እሱም ራሱ በንጉሥ ፈቃድ የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ በ1912 ወኪል ቢሮውን እዚያው አቆመ። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ከተማዋ ቀጣዩን ክረምት ትጠብቃለች።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ውልንም እንደ ድርሰት አንብቡት እላቸው ነበር፤ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል ብላችሁ ጠይቁት። የ1894ቱ ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም እኩል ሕጋዊ ናቸው የተባለው በከንቱ አይደለም። ከ13 ዓመት በፊት የውጫሌ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላል»፣ በጣሊያንኛው ደግሞ «ግዴታ» ሆኖ መዘዙ ዐድዋ አድርሶናል። ሁለት ወገን አንድ ጽሑፍ ሲጽፍ ማን የትኛዋን ቃል እንደቀየረ ማወቅ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤንገልባርት የተባለው አሜሪካዊ ተራርቀው የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ጽሑፍ ሲያዩና ሲሠሩበት በኮምፒዩተር አሳየ። ዛሬ ማንኛውም ቢሮ ውሉን በዚህ መንገድ ያረቃል፤ የተሰረዘው ቃል ይታያል፤ የሰራዡም ስም አጠገቡ ይጻፋል። ትልቅ ነገር ነው።

ይሁንና ይህ መሣሪያ የሚያሳየን የተጋበዘውን ሰው ብቻ ነው። ባሮን በራሱ ቋንቋ ኦፔኖ የሚለው አኝዋክ በአንቀጽ 4 ውስጥ ስሙ የለም። ኑዌርም የለም። መሬቱ የተከራየው ባዶ ወረቀት ይመስል ነው።

ውሉ ያለቀው በራሱ ቃል ነው። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ከወጣ በኋላ ጣቢያው ለሱዳን አስተዳደር ተመለሰ፤ ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣ ደግሞ ዘመኑ አበቃና ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ገባች። ዘመኑን አስቀድመው በወረቀት ያሰፈሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

የማከራየቱ ነገር ግን አላበቃም። በ2003 ካሩቱሪ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ እዚያው ክልል 100,000 ሄክታር፣ በዓመት በሄክታር 20 ብር፣ ለ50 ዓመት ተሰጠ። ምኒልክ ከፈቀዱት 250 እጥፍ መሆኑ ነው። ውሉ በታኅሣሥ 2008 ተሰረዘ፤ አብዛኛው መሬት ሳይለማ ቀርቶ ነበር። ውሉን የተፈራረሙት ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የግብርና ሚኒስቴርና ኩባንያው ናቸው፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው እንደ 1894ቱ ሁሉ ፈራሚ አልነበረም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የሚወርሰው ስሙ ያለበት ነው። እንግዲህ ነገ ሌላ ውል ሲረቀቅ፣ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ በወረቀትም ይሁን በኮምፒዩተር፣ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ባሮ ዳር የሚኖረው ሰው ረቂቁን አይቶታል ወይ?