የኮሶ ሻጯ ልጅ
የድኽነት ነቀፌታ በጐንደር

ኮሶ በስሜንና በወገራ ደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ተበጥብጦ ለኮሶ ትል ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ መብላት የተለመደ ስለ ነበረ መኳንንቱም ባላገሩም በየሁለት ወሩ ገደማ ይህን መራራ መድኃኒት ይጠጡ ነበር። በገበያ ተቀምጠው የሚሸጡት ግን ሌላ መተዳደሪያ ያጡ ሴቶች ነበሩ። መድኃኒቱ በየቤቱ ሲፈለግ ሻጪቱ ትናቅ ነበር፤ ንቀቱም ለልጆቿ ይተርፍ ነበር።

በዚህ ስም ከተሰደቡት ሁሉ የታወቀው በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ ነው። አባቱ ሲሞት ዘመዶች ርስቱን ስለ ተካፈሉት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጐንደር መጡ፤ በዚያም ኮሶ እየሸጡ አሳደጉት ተብሎ ይተረካል። ይህ የጠላት ወሬ ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን ወሬም ቢሆን፥ ሰውን ለማዋረድ ከስድብ ሁሉ ይህ መመረጡ የዘመኑን አሳብ ያስረዳል፤ የተነቀፈው ስርቆት ወይም ክፋት ሳይሆን የእናት ድካም ነውና።

ለድኻ ልጅ የተከፈተው በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ በየደጁ እየለመነ ይማራል። ካሳም በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገብቶ ሲማር ገዳሙ በወታደሮች በመወረሩ ሸሽቶ አመለጠ ይባላል። ከዚያም ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ በቤታቸው አስጠጉት። የሌሎቹ ኮሶ ሻጮች ልጆች ግን እንዲህ ያለ ዘመድ ስላልነበራቸው ስማቸው በታሪክ አልተጻፈም።

በ1839 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ። ድል ሆኖ በተያዘ ጊዜ ካሳ፥ እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት የማበላህ ይህን ብቻ ነው ብሎ ኮሶ አጠጣው ይባላል። ካሳ ስድቡን አልካደም፤ ለተሳዳቢው መለሰለት እንጂ።

ካሳ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ስድቡ ግን በዘውድ አልጠፋም፤ ጠላቶቻቸው እስከ መጨረሻው ያነሡት ነበር። ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን የሚከለክል አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። አንድ ልጅ ከነቀፌታው በላይ ሊወጣ ችሏል፤ ነቀፌታው ግን በገበያው ለቀሩት ልጆች ቀርቷል።