የዘይት ጠኔ፦ ኮፓው ሳያፈስ ሞተሩ ሲራብ

የዘይት ጠኔ፦ በእንግሊዝኛ «ኦይል ስታርቬሽን» ለሚባለው የሞተር ችግር የቀረበ አቻ። በሞተሩ ሥር በቂ ዘይት ተቀምጦ ሳለ፣ ፓምፑ የሚበቃውን ያህል መሳብ አቅቶት ወይም አየር ቀላቅሎ እየሳበ፣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ቅባት የሚያጡበት ሁኔታ ነው። ከዘይት እጥረት ይለያል። እጥረት የሚባለው ዘይቱ ሲጎድል ነው፤ ጠኔ የሚባለው ዘይቱ እያለ መድረስ ካለበት ቦታ ሳይደርስ ሲቀር ነው።

ልዩነቱ ጋራዥ ውስጥ ጠብ ያስነሳል። ሞተር ተጣብቆ ሲቆም ባለመኪናው «ዘይቱን ትናንት አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነበር» ይላል። መካኒኩ ደግሞ የተቃጠለውን ብረት እያሳየ «ይኼ ያለ ዘይት የሠራ ሞተር ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። በመካከላቸው የጠፋው ሁለቱንም እውነት የሚይዝ ስም ነው።

ኮፓ ውስጥ ምን አለ?

መካኒኮቻችን ካንዴላን፣ ፍሬንንና ፍሪሲዮንን ከጣሊያንኛ እንደወረሱ ሁሉ ኮፓንም ከዚያው ወርሰዋል። ኮፓ ከሞተሩ ግርጌ በቡሎን የሚታሰር የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። ትናንሽ የቤት መኪኖች ላይ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሊትር ይይዛል። አንዳንዱ ከብረት ላሜራ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፤ ሌላው ከአሉሚኒየም የፈሰሰ ነው። ሲመታ ሁለቱ የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ፤ ላሜራው ይሰረጎዳል፣ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል።

በኮፓው ውስጥ የፓምፑ መምጠጫ ቱቦ ወደ ታች ይወርድና ጫፉ ላይ ወንፊት ይደረግለታል። ወንፊቱ ከወለሉ ጋር አይጣበቅም። ዘይት የሚገባበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። የዘይት ጠኔ ጉዳይ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቷ ከጠበበች ፓምፑ የሚፈልገውን ያህል አያገኝም፤ ዘይቱ ከወንፊቱ ከሸሸ ደግሞ ፓምፑ አየር ይስባል።

አየር ለሞተር ምንድን ነው ጉዳቱ? ክራንክ ሻፍቱ በሚሽከረከርበት ቦታ ብረት ብረትን መንካት የለበትም። ፓምፑ በግፊት የሚልከው ዘይት በመካከላቸው ከሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ የሚሆን ስስ ሽፋን ይዘረጋል፤ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዚያ ሽፋን ላይ ነው። ግፊቱ በተቋረጠ ቁጥር ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ብረቱ ይፋጫል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ባይሞት እንኳ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ ይበላል።

ቃሉ ከየት መጣ?

የእንግሊዝኛው ቃል ይበልጥ የሚነገረው በእሽቅድምድምና በስፖርት መኪኖች ዙሪያ ነው። መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ በኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ውጭኛው ጎን ይሸሻል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከመሬት ስበት ጋር እኩል ሲሆን የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። ወንፊቱ በሌላው ጎን ከሆነ ለዚያች ቅጽበት የሚጠጣው አየር ነው። ከ1982 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፖርሽ 944 በውድድር ሜዳ ሲነዳ የሁለተኛው ሲሊንደር ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ማረፊያ ቀድሞ እንደሚበላ በባለቤቶቹ ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ኮፓው ውስጥ ዘይቱ እንዳይሸሽ ማገጃ ላሜራ ያስጨምሩበታል። ፖርሽ 911 ግን ከመጀመሪያው ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ዘይቱን ከሞተሩ ሥር አያጠራቅምም ነበር፤ ተመልሶ የወረደው ወዲያው እየተሳበ ለብቻው ወደተቀመጠ ጋን ይላክ ነበር። ይህን አሠራር «ደረቅ ኮፓ» ብንለው ያስኬዳል።

የስፖርት መኪና ሌላም ችግር አለበት። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው፤ ነፋሱ እንዲያልፍለትም ከሥር በሰፊ ሽፋን ይታሸጋል። ድንጋይ ሽፋኑን መትቶ ኮፓውን ሰርጉዶት ቢያልፍ ከውጭ የሚታየው ጭረት ብቻ ነው። ዘይት ስላልፈሰሰ የሚጠረጥር የለም። ጉዳቱ የሚገኘው ለዘይት ቅየራ ሽፋኑ ሲወልቅ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ።

ከዓባይ በረሃ እስከ ሉማሜ

የስፖርት መኪና በጎጃሟ ሉማሜ ከተማ አስፋልት ላይ ሲያልፍ ማየት ብርቅ ነው። ለዘይት ጠኔ ግን የስፖርት መኪና አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል ይጀምራል፤ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይን ይሻገርና ያንኑ ያህል ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። የበረሃው አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይነፋል፣ ይታጠፋል፣ ይሰምጣል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፣ ሌላው በቢቸና ወደ ሞጣ ያመራል። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የወጣ ሁሉ የሚገባው ዋልካ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጎማ ዋልካውን ቆርጦ ሁለት ቦይ ያወጣል፤ መካከሉ ጀርባ ሆኖ ይቀራል። በጋ ሲገባ ያ ጀርባ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ለከተማ የተሠራች ዝቅ ያለች መኪና ስትገባበት በቅድሚያ የሚያገኘው ሆዷን ነው።

ቁልቁለቱ ብቻውን ጤነኛ ሞተርን አያስርብም። የዓባይ መንገድ ቁልቁለት ዘይቱን የሚያዘነብለው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ አምራቾች ከዚያ የበለጠ አስበው ነው ኮፓውን የሚሠሩት። ችግሩ ነገሮች ሲደራረቡ ነው። ኮፓው ከሥር ተመትቶ ወለሉ ወደ ወንፊቱ ተጠግቷል። ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት አጠገብ ነው። ሾፌሩ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተሩም በኃይል ይዞራል። በኃይል የሚዞር ሞተር ብዙ ዘይት ወደ ላይ ስለሚልክ ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ምንም አይደሉም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፓምፑ አየር ይቀምሳል።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራትስ? እሷ የዘይቱን ልክ አትለካም፤ የምትለካው ግፊቱን ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ላይ የምትበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ነው። ኩርባ ላይ ብልጭ ብላ ብትጠፋ «ሽቦ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ብልጭታው ራሱ የጠኔ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስርጉዱ እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ ከኮፓው ሥር ያለው መከላከያ ላሜራ ይወልቅ። ከላሜራው ውጭ ያለ ጭረት ከውስጥ ያለውን አይናገርም። ከዚያ ኮፓው በጨርቅ ተጠርጎ በመብራት ይታይ፣ በእጅም ይዳሰስ። አሉሚኒየም ከሆነ አቧራ የያዘ እርጥብ መስመር ይፈለግ፤ ስንጥቅ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ሊያልብ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ምልክት በዘይት ቅየራ ጊዜ ይገኛል። የተሰረጎደ ኮፓ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በመመሪያው የተጻፈውን ሊትር ልክ ሞልተው፣ ሞተሩን አስነስተው አጥፍተው፣ ጥቂት ቆይተው በመለኪያው ሲያዩ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ፣ «በዝቷል» ብሎ ከመቀነስ በፊት ኮፓውን ማየት ይሻላል። አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ካልወጣም ይኸው ይታያል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማጣራት ነው። የወጣው ዘይት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ደቃቅ ካለ ግን ጠኔው ሥራውን ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ስርጉድ ከተገኘ ኮፓው መውረድ አለበት። ዘይት በነካው ኮፓ ላይ ሳያወርዱ ብየዳ መሞከር እሳት መጥራት ነው። የላሜራው ኮፓ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ተቀጥቅጦ ሊቃና ይችላል፤ አሉሚኒየሙ በአርጎን ይበየዳል ወይም ይቀየራል። በዚያው አጋጣሚ መምጠጫው ቱቦ መጣመም አለመጣመሙና ወንፊቱ መዘጋት አለመዘጋቱ ይታያል። ሲመለስ ደግሞ ማሸጊያው ሲልኮን አይብዛ። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፍና ስርጉዱ የጀመረውን ጠኔ ሲልኮኑ ይፈጽመዋል።

ለምን «ጠኔ»?

ሦስት ሌሎች አማራጮች ነበሩ። «የዘይት እጥረት» ከላይ እንደተባለው ሌላ በሽታን ይጠራል፤ ባለመኪናውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። «የዘይት ርሃብ» የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ፍቺ ነው፤ ርሃብ ስንል ግን የምናስበው የቆየ ነገር ነው፣ እህል ከአገር ሲጠፋ። «መንጠፍ» ውብ ነው፤ ነገር ግን ላም ስትነጥፍ ወተቱ የለም፣ ምንጭ ሲነጥፍም ውኃው የለም። እዚህ ዘይቱ አለ።

ጠኔ ግን ድንገት ይጥላል። ጎተራው ሙሉ የሆነ ገበሬ ስንቅ ሳይዝ ወጥቶ መንገድ ላይ ጠኔ ሊጥለው ይችላል፤ እህል አጥቶ አይደለም፣ እህሉ ያለበትና አፉ ስላልተገናኙ ነው። የሞተሩም ጉዳት እንዲሁ ነው። ድንገተኛነቱንም፣ ዘይት እያለ መጎዳቱንም በአንድ ቃል ይይዛል።

አጠቃቀሙ

ቃሉ ከተለያዩ ግሶች ጋር ይገባል። «ሞተሩን የዘይት ጠኔ ጥሎታል»፤ «ኩርባ ላይ ጠኔ ይይዘዋል»፤ «ኮፓው ተሰርጉዶ ጠኔ አመጣበት»። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ ግን ጠኔ አይባልም፤ እጥረት ነው። ፓምፑ ራሱ ካረጀም ሌላ ስም ይፈለግለት፤ እሱ የመላክ ድክመት ነው።

ቃሉ በተለይ የሚጠቅመው ያገለገለ መኪና ሲገዛና ለሰርቪስ ሲሰጥ ነው። «ዘይት ይፈሳል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «አይፈስም» ከሆነ እዚያው ያበቃል። «ጠኔ ይይዘዋል?» ብሎ የጠየቀ ግን ላሜራው እንዲወልቅ፣ ኮፓው እንዲዳሰስና የገባው ሊትር እንዲቆጠር ማስደረጉ አይቀርም። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሞተር ከማውረድ ይረክሳል።