ውሃው ጥርት ብሎ ዓሣዎቹ ለምን ሞቱ?

መቂ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ የቆየ ዕዳ አለብኝ፤ ዛሬ ልክፈል።

ክፍላችን ጥግ የነበረችውን የዓሣ ገንዳ ታስታውሳላችሁ? አንድ ዓርብ ማጣሪያው ቆሸሸ ብዬ ስፖንጁን በበረኪና አሸሁት፤ ደጋግሜ አለቅልቄም መለስኩት። በሳምንቱ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ተንሳፈፉ። ከእናንተ አንዷ «ቲቸር፣ ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው፤ ምን ገደላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ብርድ ይሆናል» አልኳት። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን ኬሚስት ወርቃማ ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ገንዳ አኑሮ እርስ በርስ ተደጋግፈው መኖር እንደሚችሉ ጻፈ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ይበላል። ግን በዓይን የማይታዩ ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ፤ እነሱን አላወቃቸውም።

በ1877 ሽሎሲንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፍሳሽ በአሸዋ ውስጥ ሲያሳልፉ አሞኒያው ወደ ናይትሬት ተለወጠ። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ግን ሥራው ቀጥ አለ። ስለዚህ ሠራተኛው ሕይወት ያለው ነገር ነው አሉ። የሚገርመው፣ ቀጥሎ ነገሩን የተከታተለው የዋሪንግተን ልጅ ነው፤ ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት። ሥራው በሁለት ደረጃ እንደሚካሄድ አሳየ፦ አሞኒያ መጀመሪያ ናይትራይት፣ ከዚያ ናይትሬት ይሆናል። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ ማሳደግ ግን አልሆነለትም። ያ የተሳካው በ1890 ለሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው።

እንግዲህ እኔ «ቆሻሻ» ያልኩት ስፖንጁ ላይ የተጣበቀው የነሱ መኖሪያ ነበር። እነሱ ሲያልቁ ከዓሣዎቹ የሚወጣው አሞኒያ ተጠራቀመ። አሞኒያ ደግሞ ቀለም የለውም፤ ውሃው ጥርት እንዳለ ይገድላል።

አሁን ገንዳ ያላችሁ ስሙኝ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ብቻ እጠቡ፣ ውሃውንም በከፊል ቀይሩ። አዲስ ገንዳ ከሆነ ባክቴሪያው እስኪበዛ አራት፣ አምስት ሳምንት ይፈጃልና ዓሣ አታብዙበት። መብራት ሲጠፋም ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ ውሃውን በጣሳ እየቀዳችሁ መልሱበት።

ከገንዳዋ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ደጃችን ነው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ደጋ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ዳር ላይ ያለው ፊላና ደንገል ደለሉን ይይዛል፣ ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያ ይመጣል፤ ግንዱና ጭቃውም የነዚያ ባክቴሪያዎች ቤት ነው። የሐይቁ ስፖንጅ በሉት። ለእርሻ ብለን በመነጠርነው ቁጥር እኔ በበረኪና የሠራሁትን እየደገምን ነው። ልዩነቱ፣ ከዚህኛው ገንዳ የሚጠጣው ሰውም ጭምር መሆኑ ነው።

ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ይህን ካነበብሽ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር። መልሴ ነው የዘገየው።