በቀድሞ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ቴክኒካዊ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር

ተገልጋዮች ለፈቃድ፣ ለምዝገባ ወይም ለጨረታ ከሚያቀርቧቸው ሰነዶች መካከል የማሽን አጠቃቀም መመሪያዎች፣ የጥገና ማኑዋሎችና የምርት መግለጫዎች ይገኙበታል። ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት በአንድ ሶፍትዌር ተተይበው፣ በሌላ ሶፍትዌር ለኅትመት ተሰናድተው፣ ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲቀርቡ የሚፈለጉ ናቸው። በዚህ ዝውውር ወቅት በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚደርሰው ብልሽት በጊዜ ከተለየ አብዛኛውን ጊዜ ይታረማል። ሳይለይ ሥራው ከቀጠለ ግን ጽሑፉ ላይመለስ ሊጠፋ ይችላል።

የችግሩ መነሻ

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ በኮምፒዩተር ይጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። የቀድሞዎቹ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በመሆኑም በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የላቲን ምልክት ሲሆን፣ ለአንባቢው «ሀ» ወይም «ለ» ሆኖ የሚታየው በፎንቱ አማካይነት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት መያዝ ስለማይችልና የአማርኛ ፊደላት ከዲቃሎቻቸው፣ ከሥርዓተ ነጥባቸውና ከቁጥሮቻቸው ጋር ከዚህ ስለሚበልጡ፣ አንዳንድ አዘጋጆች ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፍለውታል። አደላደሉም ከአዘጋጅ አዘጋጅ ይለያያል፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

ብልሽቱን ከመልኩ መለየት

በአማርኛ ጽሑፍ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ሰነዱ አልተበላሸም። ኮምፒዩተሩ የኢትዮጵያን ፊደል የሚያሳይ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የዩኒኮድ ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይታያል። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ ሰነዱ በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ የፎንቱ ስም እስከታወቀ ድረስ ሊለወጥ ይችላል። ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን መንስኤው ሌላ የሆነ ብልሽትም አለ። ለአንድ ፊደል ሦስት ያህል ምልክት እየወጣ፣ የመጀመሪያው ምልክት ደጋግሞ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ ሳለ በተሳሳተ የኮድ ምርጫ ተከፍቷል። ፋይሉን ሳያስቀምጡ ዘግቶ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን በመምረጥ እንደገና መክፈት ይበቃል።

አሳሳቢው የጥያቄ ምልክት ነው። በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ከታየ ፊደሉ ከፋይሉ ወጥቶ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ተመዝግቧል፤ ከዚያ ፋይል የሚመልሰው መሣሪያ የለም። ይህ በተለይ የመለዋወጫ ዝርዝርን ከኤክሴል ወደ ተራ ሲኤስቪ ሲያስቀምጡ ያጋጥማል። ከምርጫዎቹ መካከል ዩቲኤፍ-8 የሚለው ሲኤስቪ ከተመረጠ ግን አማርኛው ይጠበቃል።

ፎንቱን አስቀድሞ አለመቀየር

ከሁሉም በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ነው። የቀድሞ ፎንት ያለው ሰነድ ሲከፈትላቸው በርካታ ሰዎች ሙሉውን መርጠው ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይራሉ፤ ወይም ጽሑፉን ገልብጠው ያለ ቅርጽ ወደ ሌላ ገጽ ይለጥፉታል። ሁለቱም የፎንቱን ስም ከሰነዱ ይሰርዛሉ። የለዋጭ ሶፍትዌር ብቸኛ መመሪያ ግን ያ ስም ነው። በሁለት ፎንቶች በተከፋፈለ ፊደል አንድ ኮድ ሁለት የተለያዩ ፊደላትን ሊወክል ስለሚችል፣ ስሙ ከጠፋ ትክክለኛውን ፊደል በግምት ከማስገባት ሌላ አማራጭ አይኖርም።

በቴክኒክ ሰነድ ጉዳቱ የከፋ ነው። የሞዴል ቁጥር፣ የመለኪያ አሃድና የዕቃ መለያ በላቲን ፊደል ተጽፈው ከአማርኛው ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ለዋጩ የትኛው አማርኛ፣ የትኛው ላቲን እንደሆነ የሚለየው በፎንቱ ነውና፣ ያለ ፎንት የቀረበለትን «ሚሊ ግራም» የሚል የላቲን ምህጻረ ቃል እንደ አማርኛ ቆጥሮ ወደ ሁለት የግዕዝ ፊደላት ሊለውጠው ይችላል። የፀረ ተባይ መድኃኒት መጠን በሚገልጽ ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ተራ የፊደል ግድፈት ተደርጎ አይታይም። ስለዚህ ለለዋጩ የሚሰጠው ዋናው ፋይል ከነቅርጹ መሆን አለበት። ሰነዱ በፔጅሜከር ወይም በሌላ የኅትመት ሶፍትዌር የተሰናዳ ከሆነ የፎንት ስሞችን በሚጠብቅ የፋይል ዓይነት፣ ለምሳሌ በአርቲኤፍ፣ ማውጣት ይመረጣል።

ከለውጡ በኋላ

ቁጥሮች፣ ክፍልፋዮች፣ የዲግሪና የመቀነስ ምልክቶች ከታተመው ቅጂ ጋር አንድ በአንድ ሊመሳከሩ ይገባል። አራት ነጥብ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ «፡» በመምታት ተጽፎ ስለሚገኝ በፍለጋና ምትክ ወደ «።» ቢታረም ዓረፍተ ነገሩ በመስመር መጨረሻ አይቆራረጥም። «ኃይል» እና «ሀይል» ለኮምፒዩተር ሁለት ቃላት ናቸው፤ የዕቃ ስሞች በአንድ አጻጻፍ ካልተወሰኑ በፍለጋ አይገኙም። ርእሶች በደማቅ ፊደል ብቻ ሳይሆን በሶፍትዌሩ የርእስ ስታይል ቢሰየሙ ማውጫው በሚቀጥለው ዝውውር በራሱ ይሠራል።

ፒዲኤፍ ከመላኩ በፊት አንድ አንቀጽ ገልብጦ በሌላ ገጽ ላይ መለጠፍ ይበቃል። በዓይን የሚታየው አማርኛ ሲለጠፍ ወደ ላቲን ምልክት ከተለወጠ ፋይሉ ውስጡ ገና በቀድሞው ፎንት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ቢያትመው እንጂ ሊፈልግበትም ሆነ ሊያርመው አይችልም። ዋናው ፋይል፣ የተጻፈበት ፎንትና አንድ የታተመ ቅጂ አዲሱ ሰነድ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ መወገድ የለባቸውም።